«ድንጋይ ድንጋይ ይላል» የሚባለው ወይን ጠጅ፣ የጅሩ መረሬና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም ስለ ጤፍ መሬት ማጠንፈፍ ስጽፍ በነገር መሃል የፈረንሳይን የወይን አገር አንስቼ ነበር። ደብዳቤው ሁሉ ስለ ጤፉ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ስለ ወይኑ መጣ፤ አብዛኛው ደግሞ ከሰሜን ሸዋ። ዕድሜዬን የገፋሁት አፈር ስመረምር ስለሆነ የምመልሰው ከሥር ጀምሬ ነው፣ ጠርሙሱ ዘንድ እስክደርስ ታገሱኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ደብረ ብርሃን ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። የአገራችን ጠርሙስ ላይ «መርሎ» ወይም «ሻርዶኔ» ተብሎ የፍሬው ዝርያ ተጽፏል። ከፈረንሳይና ከጣሊያን የሚመጡት ላይ ግን የማላውቀው የቦታ ስም ብቻ አለ። እንግዳ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለኝ አፍራለሁ። ምን ልበል?
— አስተናጋጇ፣ ከደብረ ብርሃን

የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ የኔ ልጅ። እህል ተራ ሄደሽ «የምንጃር ጤፍ ስጡኝ» ስትዪ ማን «የትኛው ዝርያ?» ብሎ ይጠይቅሻል? ቦታው ራሱ ስም ሆኗል። የአውሮፓ ገበሬም እንደዚያው ነው፤ እነሱ ግን ስሙን በሕግ አጥረውታል። ፈረንሳይ ውስጥ፣ በሮን ወንዝ አጠገብ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የሚባል አካባቢ አለ። በስሙ የሚነግዱ አስመሳዮች ሲበዙበት፣ ባሮን ለ ሯ የሚባሉ የወይን ባለርስት፣ የሕግ ትምህርትም የነበራቸው ሰው፣ በ1923 ገበሬውን አስተባብረው ደንብ አስወጡ። የትኛው ዝርያ እንደሚተከል፣ መሬቱ የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ ተወሰነ። አንደኛው መስፈርት እስከ ዛሬ ያስቀኛል፦ መሬቱ ላቬንደርና ጦስኝ የሚያበቅል ደረቅ ጭንጫ መሆን አለበት ይላል። (ጣርማበር ላይ ጦስኝ ሞልቷል ብላችሁ ወይን እንዳትተክሉ አደራ! የእኛ ጦስኝ የደጋ ነው፤ እዚያ የሚበቅለው ውርጭ የለመደ ብቻ ነው።) ፈረንሳይ በ1935 ይህንኑ አሠራር የአገር ሕግ አደረገችው፤ በማግስቱ ዓመት ስማቸው ከጸደቀላቸው የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱም ሻቶኔፍ ነው።

አሁን ለእንግዳሽ የምትዪው። ሻብሊ ከሆነ ሻርዶኔ ነው፤ ነጭ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ከዓሣ ጋር ይሄዳል። ሳንሴር ነጩ ሶቪኞን ብላን ነው። ቀይ ቡርጎኝ ፒኖ ኑዋር፣ ቦዦሌ ጋሜ፣ ኪያንቲ በአብዛኛው ሳንጆቬዜ፣ ቀይ ሪዮሃ ደግሞ በብዛት ቴምፕራኒዮ ነው። ቦርዶ ቅይጥ ነው፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

በባሮሎ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ኔቢዮሎ ከሚባል የጣሊያን ፒዬሞንቴ አካባቢ ፍሬ ይሠራል፤ ሳይሸጥ ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት። ቀለሙ ሲቀዳ ሳሳ ያለ ስለሆነ እንግዳው ቀላል መጠጥ መስሎት ባዶ ሆዱን ይጎነጫል፤ ከዚያ ድዱ ሲደርቅበት «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልስልሻል። አልተበላሸም፤ የፍሬው ጠባይ ነው። አስቀድመሽ «ይሄ ሥጋ ይፈልጋል» በዪው፣ ጥብሱን ይዘዝ።

አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፎቹ ቀይ ወይን «በክፍል ሙቀት» ይቅረብ ሲሉ የድሮውን የአውሮፓ ቤት ማለታቸው ነው፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ። 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠችው ደብረ ብርሃን ያንን በነፃ ትሰጥሻለች። ቀዩን ፍሪጅ ውስጥ አትክተቺው፤ ከምድጃው አጠገብ መደርደሪያ ላይም አታቁሚው።

እትዬ፣ እነዋሪ መምህር ነኝ። ስለ ጀርመንና ስለ ፈረንሳይ ወይን ሳነብ «የድንጋይ ጣዕም አለው»፣ «ጠመኔ ጠመኔ ይላል» የሚል ይገጥመኛል። እውነት አፈሩ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል? ከገባስ የእኛ የጅሩ ጥቁር አፈር ምን ዓይነት ወይን ጠጅ ይወጣው ነበር?
— መምህሩ፣ ከእነዋሪ

መምህር፣ የተወለድኩበትን አፈር ስለጠየቁኝ ረዘም አደርገዋለሁ።

አስቀድሜ ድንጋዩን ከብርጭቆው ላውጣው። አንድ ነገር እንዲሸት መትነን አለበት፤ ድንጋይ አይተንም። ሥር ከአፈር የሚስበው በውሃ የሟሟ ፖታሺየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዢየምና የመሳሰለውን ነው፤ ከዚያ ውስጥ ወይን ጠጁ ድረስ የሚዘልቀው መጠን ትንሽ ስለሆነ ምላስ «ይህ ከዚህ ድንጋይ መጣ» ብሎ ሊለየው አይችልም። ጀርመን ውስጥ በሞዜል ወንዝ ዳር የሚሠራው ሪዝሊንግ የተባለ ነጭ ወይን ሲያረጅ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ሰው ግን ያንን ሽታ «ስሌት» ለሚባለው፣ በስሱ እየተሰነጠቀ ለሚነሳው ጥቁር ድንጋይ ይሰጠዋል። ሽታው የሚመጣው ባለሙያዎች በአጭሩ ቲዲኤን ከሚሉት ውህድ ነው፤ ፍሬው ፀሐይ ሲያገኘውና ጠርሙሱ ሲከርም ይጨምራል። ድንጋዩ የለበትም።

ታዲያ ድንጋዩ ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ሞዜል ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 50 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ወይን መብሰሉ ራሱ ትግል ነው። ስለዚህ ገበሬው ወንዙ ዳር ፀሐይ ፊት ለፊት የምታገኘውን ገደል መረጠ። ብሬም በምትባል መንደር ያለው ካልሞንት የተባለው ተዳፋት ከ60 ዲግሪ በላይ ያዘነብላል፤ ሰው በገመድ ታስሮ የሚሠራበት ቦታ አለ። ጠቆር ያለው ስሌት ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ለተክሉ ይመልሳል፤ የዝናቡንም ውሃ አያቁርም። ድንጋዩ የሚያገለግለው በሙቀትና በውሃ በኩል ነው፤ ጣዕም የምንለው የበሰለው ፍሬ ነው።

ሁለተኛው ነገር ውሃ ነው፣ ለእኔ ከሙቀቱም የሚበልጠው። በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ዠራር ሴጊን የሚባሉ ተመራማሪ የታላላቆቹን እርሻዎች አፈር ለዓመታት ቆፍረው ሲያጠኑ የደረሱበት ይህ ነበር፦ ከአንዱ ታላቅ እርሻ ወደ ሌላው ሲሄዱ የአፈሩ ዓይነትና የንጥረ ነገሩ ይዘት ይለያያል፤ የማይለያየው አፈሩ ውሃ የሚያቀብልበት መንገድ ነው። ሥር እንዳይሰጥም ትርፉን ያሳልፋል፣ በደረቁ ወራት ደግሞ ቀስ እያለ ያጠጣል። ፍሬው መብሰል ሲጀምር ተክሉ ትንሽ ሊጠማ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ጉልበቱን ለፍሬው ይሰጣል።

ቦርዶን ከሁለት ከፍለው ይዩት። ከጊሮንድ ወንዝ በስተ ግራ ሜዶክ ነው፤ ወንዞች ከተራራ ያወረዱት ጠጠር ቁልል። ጠጠር ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ያጠነፍፋል፤ ስለዚህ ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን ይስማማዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር የጅሩ ሰው ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፦ ሜዶክ ብዙ ቦታው ረግረግ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን የሆላንድ መሐንዲሶች ቦይ ቀድደው እስኪያጠነፍፉት ድረስ የዛሬው ዝና አልነበረውም።

በስተ ቀኝ፣ ሊቡርን ከተማ አጠገብ ፖሜሮል አለ። ይህ የሸክላ አገር ነው፤ ሸክላ ቀዝቃዛ ስለሆነ ካበርኔ አይደርስበትም፣ ቀደም ብሎ የሚበስለው መርሎ ግን ይደርሳል። ከፖሜሮል መሃል፣ ጉብ ካለች መሬት ላይ፣ ፔትሩስ የተባለው እርሻ አለ፤ አንዱ ጠርሙስ በሺዎች ዩሮ የሚሸጥ። ለሥልጠና ቦርዶ በተላክሁ ጊዜ አጥሩ ድረስ ወስደውናል። ወይኑን የቀመሰ ከመካከላችን አልነበረም፤ አፈሩን ግን በጣቴ ፈትጌ አየሁት። ስሜክታይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን ነው! ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ማረሻ የሚይዝ። የእኛ መረሬ ጭቃም የዚሁ ማዕድን ቤተሰብ ነው። አብረውኝ ለነበሩት «ይሄ እናቴ በእጇ መደብ የምትሠራበት አፈር ነው» ብላቸው የቀለድኩ መሰላቸው።

እንግዲህ መረሬ እዚያ ወርቅ ከሆነ እነዋሪ ለምን አይሆንም? ምክንያቱ ዝናቡ ነው። ቦርዶ ላይ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ተበታትኖ ይወርዳል። የፔትሩስ ሸክላ ሲርስ አብጦ ራሱን ይዘጋል፤ መሬቱ ጉብ ያለ ስለሆነ ትርፉ ውሃ ወደ ዳር ይንሸራተታል፣ በበጋ ደግሞ ሸክላው የያዘውን በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል። ጅሩ ሜዳ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ይቀደዳል፣ ውሃው መሄጃ አጥቶ ይተኛል። የወይን ሥር ደግሞ አየር ይፈልጋል፤ በነሐሴ መረሬ ውስጥ ይታፈናል። ከኅዳር በኋላ መሬቱ ሲሰነጠቅ የተረፈውን ሥር ይበጥሰዋል። ከዚህ ሁሉ ያመለጠ ተክል ቢኖር የተከማቸውን እርጥበት እየጠጣ ቅጠል በቅጠል ይሆናል፤ ፍሬውም ውሃ ውሃ ይላል። መልሴ ይህ ነው፦ የጅሩ ወይን ጠጅ፣ ቢኖር ኖሮ፣ ቀጭን ነበር የሚሆነው።

አንድ ቦታ ግን የጅሩ ገበሬ ቢሄድ ዕለቱኑ የሚግባባ ይመስለኛል፤ ደቡብ ስፔን፣ ሄሬስ። አፈሩ አልባሪሳ ይባላል፤ ነጭ፣ ኖራ የበዛበት፣ ዓይን የሚወጋ። ዝናቡ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ በጋው ጠብታ የለውም። አልባሪሳ የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ያስቀምጣል፣ ላዩ ደርቆ ቅርፊት ይሠራና ትነቱን ይገታል። ፓሎሚኖ የሚባለው ወይን በዚያ እርጥበት ብቻ በጋውን ይሻገራል። እኛ መስከረም ካለፈ በኋላ ሽምብራና ጓያ ዘርተን በተረፈ እርጥበት አናበስልም? ሥራው ብቻ ይገለበጣል፤ በእነዋሪ መደብ ሠርተን ውሃ እናስወጣለን፣ በሄሬስ ደግሞ በተክሎቹ መሃል ጉድጓድ ጉድጓድ አበጅተው የዝናቡን ውሃ ያስገባሉ።

ወይን እንትከልበት የሚል ካለ መምህር ይከልክሉልኝ። ያ መሬት የስንዴ፣ የጤፍና የምስር ነው።

መሐል ሜዳ ባለ ደብር የማገለግል መሪጌታ ነኝ። በአውሮፓ ወይኑን ለዚህ ያበቁት መነኮሳት ናቸው፣ አፈሩን በምላሳቸው እየቀመሱ ቦታ ይለዩ ነበር ይባላል። እውነት ነውን? ደግሞ እኛ ለቁርባን ዘቢብ ዘፍዝፈን እንጨምቃለን፤ እነርሱ ዘንድ ከደረቀ ፍሬ የሚሠራ አለ?
— መሪጌታ፣ ከመንዝ

መሪጌታ፣ የመጀመሪያው ግማሹ እውነት ነው። የሲቶ ገዳም በ1098 ፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ ውስጥ ተመሠረተ፤ የገዳሙ መነኮሳት ከ12ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ክሎ ደ ቩዦ የተባለውን እርሻ ሰብስበው በግንብ አጠሩት። ግንቡ ዛሬም ቆሟል፤ ውስጡ 50 ሄክታር ገደማ ነው። ከፈረንሳይ አብዮት ወዲህ ግን ተከፋፍሎ የብዙ ባለቤት ሆኗል። አፈር መቅመሱን ተረት ይመስለኛል። እነዚያ ሰዎች ማንም ያልነበረው አንድ ነገር ነበራቸው፦ መሬቱን የማይሸጥ፣ የማይከፋፍል፣ አባላቱ እየተተካኩ መቶ ዓመታት የሚኖር ማኅበር። የላይኛው መደብ ከታችኛው ቀድሞ እንደሚበስል ለማወቅ ምላስ አያስፈልግም፤ ትዕግሥትና መዝገብ ይበቃል። በዚያው በክሎ ደ ቩዦ ላይኛው ጫፍ አፈሩ ስስ ነው፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ታች መንገዱ ዳር ሸክላው ይወፍራል፣ ውሃ ይይዛል። የታችኛው ወይን ከላይኛው እንደሚያንስ ሁሉም ያውቃል፣ ጠርሙሱ ላይ ግን ስሙ አንድ ነው። ይህ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

መኳንንቱም ገብተውበታል። በ1395 የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ ደፋሩ ጋሜ የተባለው ዝርያ ከግዛታቸው እንዲነቀል አዘዙ፤ ብዙ ያፈራል ግን ወይኑ መናኛ ነው ብለው። ጋሜ ወደ ደቡብ፣ ቦዦሌ ላይ የግራናይት ድንጋይ ብስባሽ የሆነ አሸዋ አገኘና ተስማማው፤ የዛሬው ቦዦሌ የእርሱ ነው።

ከደረቀ ፍሬ የሚሠራው አለ፣ ያውም በኦርቶዶክስ አገር። የግሪክ ደሴት ሳንቶሪኒ ላይ አሲርቲኮ የሚባለውን ነጭ ወይን ለቅመው ፀሐይ ላይ አስጥተው ያጠወልጉታል፤ ከዚያ ጨምቀው የሚያፈሉት ጣፋጭ ወይን ቪንሳንቶ ይባላል። የእርስዎ ዘቢብ ፈጽሞ የደረቀ ነው፣ በውሃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል፤ የእነርሱ ውሃ አይገባበትም። ደሴቲቱ የእሳተ ገሞራ አመድና ቀላል ድንጋይ ናት፣ ነፋሷም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ገበሬው ግንዱን መሬት ላይ እየጠመዘዘ የቅርጫት ቅርጽ ይሰጠውና ፍሬው ውስጡ ይደበቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአሜሪካ የገባው ፊሎክሰራ የተባለ ሥር በል ተባይ የአውሮፓን ወይን ሲፈጅ ሳንቶሪኒ ተርፋለች፤ ተባዩ ሸክላ በሌለው አመድማ አፈር ውስጥ አይኖርም። በሌላው የአውሮፓ አገር እስከ ዛሬ በአብዛኛው የአሜሪካ ሥር ላይ የአውሮፓ ቅርንጫፍ እየተጋጠመ ነው የሚተከለው።

ለወንድሜ ሠርግ ሻምፓኝ ግዛ ተብዬ አንድ ሱቅ አረፋ ያለው ወይን በ«ሻምፓኝ» ስም ሸጠልኝ። ጠርሙሱ ላይ ግን የጣሊያን ስም አለ። ተታለልኩ?
— ሚዜው፣ ከአረርቲ

በስሙ ተታልለሃል፣ በመጠጡ ላትታለል ትችላለህ። ሻምፓኝ የሚባለው ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ ካለው ሻምፓኝ አገር የመጣው ብቻ ነው፤ የጠመኔ ድንጋይ መሬት ነው፣ ዝርያዎቹ በዋናነት ፒኖ ኑዋር፣ መኒዬና ሻርዶኔ ናቸው፤ አረፋውም የሚገኘው ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ሲፈላ ነው። «ፕሮሴኮ» የሚል ከሆነ የጣሊያን ነው፤ በአብዛኛው በትልቅ ጋን ይፈላል፣ ርካሽ ነው፣ ለሠርግ ደግሞ ደስ ይላል። የከፈልከው የሻምፓኝ ዋጋ ከሆነ ግን ተመልሰህ ሂድ።

እትዬ፣ ሸዋ ሮቢት በመስኖ ሽንኩርት አመርታለሁ። ሽንኩርቱ አንድ ዓመት ያከብራል፣ አንድ ዓመት ያከስራል። ዝዋይ ላይ የወይን እርሻ እንዳለ ሰምቻለሁ። እኔስ ብተክል?
— ሽንኩርት አምራቹ፣ ከሸዋ ሮቢት

ወንድሜ፣ ከደብረ ብርሃን ሰው ይልቅ አንተ ትቀርባለህ። ደብረ ብርሃን ላይ ከጥቅምት ጀምሮ የሚወርደው ውርጭ ለጋውን ቡቃያ ያቃጥለዋል። ፈረንሳዮችም ይህ ያሠቃያቸዋል፤ ሻብሊ ላይ በሚያዝያ ሌሊት በተክሉ መሃል እሳት እያነደዱ ያድራሉ፣ የ2021 የሚያዝያ ውርጭ ደግሞ አብዛኛውን የአገሩን ወይን ጎድቷል። እነርሱ ግን የሚፈሩት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው፤ በዋናው ብርድ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ ተኝቷል።

የአንተ ችግር ተቃራኒው ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ተክሉ የሚተኛበት ብርድ የለም። ስለዚህ ወቅቱን የምትሰጠው አንተ ነህ፣ በመቀስ። ዝዋይ ላይም በመግረዝና ውሃ በመቀነስ ነው ወቅት የሚበጅለት፤ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ የመጠጥ ኩባንያ እዚያ አሸዋማ መሬት ላይ ከተከላቸው መሃል መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ አሉ፣ የመጀመሪያው ጠርሙስም በ2014 ገበያ ወጣ። በመስከረም መጨረሻ ከገረዝህ ፍሬው ጥርና የካቲት ላይ፣ በደረቁ ወቅት ይደርሳል። ክረምት ላይ የሚበስል ፍሬ ግን ሻጋታ ይጨርሰዋል።

ሻጋታውን ከሽንኩርትህ ታውቀዋለህ፤ የመዳብ ርጭትም ሳትጠቀም አልቀረህም። የዚያ ርጭት ታሪክ ከወይን ነው። ሜዶክ ውስጥ መንገድ ዳር ያሉ ገበሬዎች መንገደኛ ወይናቸውን እየቀጠፈ ሲያስቸግራቸው፣ መርዝ እንዲመስል የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ብጥብጥ ይረጩበት ነበር። ሚያርዴ የሚባሉ ፕሮፌሰር መንገድ ዳር ያሉት ሰማያዊ ተክሎች ብቻ ከሻጋታ መትረፋቸውን ልብ አሉና በ1885 ቀመሩን ለሕዝብ አወጡት።

ለወይን ጠጅ ብለህ አትጀምር። ቆላ ላይ ፍሬው ስኳሩ ቶሎ ይወጣል፣ ኮምጣጣነቱ ይጠፋል፤ ያንን ጠብቆ መጥመቅ ሌላ ሙያ ነው፣ ሌላ ገንዘብ ነው። ለገበታ የሚሆን፣ በኪሎ የሚሸጥ ዝርያ ከምርምር ማዕከል ጠይቅና ከማሳህ ዳር ጥቂት ረድፍ ሞክር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ገቢ አትጠብቅበት፣ ሽንኩርቱን አትተው።

ከመትከልህ በፊት ግን ይህን አድርግ። በክረምት ማሳህ ላይ ወገብህ ድረስ ጉድጓድ ቆፍር፣ ውሃ ሙላበት፣ ያ ሰርጎ ሲያልቅ ደግመህ ሙላና እደር። ጠዋት ላይ ደርቆ ከሥሩ አሸዋና ጠጠር ካየህ ጻፍልኝ፣ ስለ አተካከሉ እንነጋገራለን። ውሃው በማግስቱም እዚያው ካለ በዚያ ቦታ ሽንኩርትህን ቀጥል።